እጅ የበላው፣ ፀሐይ የበላው

የቮልሳችን መሪ መሀል ላይ አንዲት ክብ ፕላስቲክ አለች፤ ስፋቷ ከቡና ሲኒ አፍ አይበልጥም። ውስጧ ግንብ አለ፣ ግንቡ ላይ የቆመ አውሬ አለ፣ ከግንቡ ሥር ደግሞ ሞገድ የሚመታ ውኃ። ፊደል ሳልቆጥር በፊት ያወቅኳት ሥዕል እሷ ናት። ግቢ ውስጥ አባዬ ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ መሪ እያዞርኩ ስጫወት፣ «ይሄ ምንድን ነው?» እለው ነበር።

«ፋሲል ግንብ ነዋ።»

«ውኃውስ?»

«ጣና።»

«ውሻውስ?» ስለው ግን ኮስተር ይላል። «ውሻ አይደለም። የሰሜን ተራራ ቀይ ቀበሮ ነው።»

አባዬ ጎንደሬ ነው። በመምህርነት ተመድቦ ወደዚህ ከመጣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ከተማዋን ግን ዛሬም ናዝሬት እንጂ አዳማ ሲላት ሰምቼ አላውቅም። ቮልሷን የገዛት ከወንጂ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካን በፈረንጅ 1954 ሥራ ያስጀመሩት ሆላንዶች ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ፋብሪካው ሲወረስ እነሱ ሄዱ፣ መኪኖቻቸው ግን ከሰው ወደ ሰው እየተላለፉ እዚሁ ቀሩ። የኛዋም ሁለት እጅ አልፋ አባዬ ጋ ደረሰች። በፈረንጅ የ1966 ሥሪት ናት፤ የኋላ ኮፈኖዋ ላይ «1300» የሚል ቁጥር ተለጥፎባታል፣ ቀለሟ ውኃ ሰማያዊ ነው፣ ሞተሯ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ውኃ አትጠይቅም። ለዚህ አገር ሙቀት የተፈጠረች መኪና ናት። ወለንጪቲን አልፈው ወደ አዋሽ ሲወርዱ ራዲያተራቸው የፈላባቸው ስንት አዳዲስ መኪኖች መንገድ ዳር ቆመው እኛ አልፈናቸዋል።

ቮልስ ባገራችን ታሪክ ውስጥ የገባችበት ቀን አለ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሡ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነው። አባዬ ግን ቮልስ ሲነሳ ያንን አያወራም። የሚያወራው እማዬን እኔን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት ሌሊት በዝናብ ሐኪም ቤት እንዴት እንዳደረሳት ነው። ያንን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ መቶ አንደኛውንም እሰማለሁ።

አንድ ልማድ ነበረው። ሞተር ከማስነሳቱ በፊት በስመ አብ ይልና ቀኝ አውራ ጣቱን ግንቡ ላይ ያሳርፋል። ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ቁልፉን ያዞራል። መንገድ ተዘግቶ ሲጠብቅም፣ ከትምህርት ቤት ደጅ እኔን ሲጠብቅም፣ ጣቱ እዚያው ናት። ከአርባ ዓመት በላይ እንዲህ ስላደረገ የፕላስቲኳ ፊት ላይ፣ ከቀኙ ማማ ከፍ ብሎ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ቦታ ለስልሳና ጎድጉዳ ቀርታለች። ምእመን እየተሳለመው የለሰለሰ የቤተ ክርስቲያን መቃን አይታችሁ ከሆነ፣ እንደዚያ ናት።

ከሦስት ዓመት ወዲህ አባዬ አይነዳም። ግላኮማ ዓይኑን ወስዶበታል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ከዚያ በላይ አያይም። ቮልሷን ግን አልሸጥናትም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገብቶ መሪው ጋ ይቀመጣል፣ እኔ ሞተሩን አስነሳለታለሁ፣ ድምፁን ያዳምጣል። «ሁለተኛው ካንዴላ ቆሽሿል» ይላል፤ ሳየው ቆሽሾ አገኘዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ክላክሷ አልጮህ ስላለ ጋራዥ አስገባኋት። ስመለስ ክላክሱ ይጮሃል፤ ክቧ ፕላስቲክ ግን በካቻቪቴ ተፈልቅቃ ጠርዟ ጥፍር በሚያህል ቦታ ተሰብሮ፣ ጀርባዋ ላይ የነበረው ቀለም ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ረግፎ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጣለች። ግንቡ ግማሹ የለም። አውሬው እግሩ ብቻ ቀርቷል። ልጁ «አሮጌ ስለሆነ ነው እህቴ» አለኝ። ልክ ነው፣ አሮጌ ናት። አሮጌ ዕቃ ግን የሚወጣበት አወጣጥ አለው፤ ዳር ዳሩን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጎ፣ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ከሥሩ አስገብቶ ቀስ እያሉ ዙሪያውን መሳብ ነው። ብረት ፕላስቲክን አይምርም። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ከልጁ ጎን ቆሜ በእጄ አውጥቼው ነበር።

ያን ጊዜ ያደረግኩት ማንም የሚያደርገውን ነው። አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የመኪና መለዋወጫ እዚያ ከሌለ የትም የለም ይባላል፤ እውነትም አልታጣም። አዲሷ ክብ ታብረቀርቃለች። ወረቀት ላይ የታተመ ግንብ፣ ከላዩ ሙጫ የመሰለ ብሩህ ነገር ጉብ ብሎ የፈሰሰበት። ከሩቅ ስታያት ታምራለች። አምጥቼ ገጠምኳት፣ ለአባዬም ምንም አልነገርኩትም። ዓይኑ አያያትም፣ ለምን አስጨንቀዋለሁ ብዬ ነው።

እሑድ መጣ። ገባ፣ ተቀመጠ፣ በስመ አብ አለ፣ ጣቱን አሳረፈ። ከዚያ ጣቱን አንስቶ እንደገና አሳረፈ።

«መሪው ተቀየረ እንዴ?»

«የለም አባዬ፣ ያው ነው።»

እጁን ከመሪው አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እንግዲያው እጄ ነው» አለ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዓይኑ ከከዳው ሰው የቀረው እጁ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንን እጅ እንዲጠራጠር አድርጌዋለሁ። ጠዋት ቁርስ ላይ ነገርኩት። ጋራዥ የሆነውን፣ ከመርካቶ የመጣችውን፣ አሮጌዋ በሶፍት ተጠቅልላ መሳቢያዬ ውስጥ እንዳለች፣ ሁሉንም። «እጅህ አልተሳሳተም አባዬ» አልኩት። ዝም ብሎ ሻይውን ጠጣና፣ «ትሠራለች?» አለኝ። «ትሠራለች» አልኩት። እንዴት እንደምትሠራ ግን ምንም አላውቅም ነበር።

እንግዲህ መማር ጀመርኩ። መጀመሪያ የተማርኩት ሥዕሉ ከፊት የተሣለ አለመሆኑን ነው። ብዙ የዚያ ዘመን አርማዎች እንዲህ ናቸው። ፕላስቲኩ ጥርት ያለ አክሪሊክ ነው፤ ግንቡ ከጀርባው ወደ ውስጥ ተቀርጿል፣ ቀለሙ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ከኋላ ተሞልቷል። እኛ ከፊት የምናየው በፕላስቲኩ ውፍረት ውስጥ አሻግረን ነው፤ ከሥዕሉ ጥልቀት ጋር የሚመጣው ያ ውበት ከዚያ ነው። ስቲከር ላይ ሙጫ በማፍሰስ አይመጣም።

አክሪሊክ ደግሞ ጠንካራ ዘር ነው። ከላዩ የሚያርፍበትን ብርሃን 92 በመቶ ያሳልፋል፣ ለፀሐይም እምብዛም አይበገርም፤ ዓመታት ውጪ ውሎ አድሮ ብዙ ቢጫ አይሆንም። የኛዋ ላይ የሞተው ፕላስቲኩ ሳይሆን ቀለሙ ነው። የአዳማን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተኝታ፣ ከሰዓት በኋላ የቆመ መኪና በር ስትከፍቱ ፊታችሁን የሚገርፋችሁ ወላፈን። ፕላስቲኩም ቀለሙም ሲሞቁ ይለጠጣሉ፣ ሌሊት ሲበርዱ ይሰበሰባሉ፤ ግን እኩል አይለጠጡም፣ እኩል አይሰበሰቡም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲጓተቱ ይኖሩና አንድ ቀን ቀለሙ ይለቃል። ጥቁር ቀለም ደግሞ ሙቀት ስለሚጠጣ ይብሳል። ፊት ለፊቱን ግን ፀሐይ አልነካውም። ፊቱ ላይ ያለው የአባዬ ጣት ነው።

ይህን ሳስብ ነው ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ። ከኋላ ያለውን ፀሐይ ነው የበላው፤ ያንን እመልሳለሁ። ከፊት ያለውን እጅ ነው የበላው፤ ያንን አልነካም።

እዚህ ላይ ላቁምና አንድ ነገር ልናገር፤ ሁሉም አርማ እንዲህ ይደረግ እያልኩ አይደለም። ዲኤክስ ወይም ሌላ የሰማንያዎቹ መኪና ያላችሁ ሰዎች ኮፈኖና ኋላ ላይ የምታዩት ብር የሚመስለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ብረት አይደለም፤ ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ክሮም የለበሰ። አለባበሱ ራሱ ይገርማል። ኤቢኤስ ውስጥ ጥቃቅን የጎማ ቅንጣቶች አሉ፤ ፋብሪካው በአሲድ ሲያጥበው ላይ ላዩን ያሉት ቅንጣቶች ተበልተው በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ይቀራሉ፤ መዳቡ፣ ኒኬሉ፣ በመጨረሻም ስሱ ክሮም እዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ሥር ሰዶ ይያዛል። ይህ ልብስ አንዴ ተላጠ ማለት አለቀ፤ ቤት ውስጥ የሚመለስ አይደለም። ብር ቀለም መርጨት ሁለት ክረምት አያሻግርም፣ አንዳንድ ባለ ታክሲዎች እንደሚያደርጉት ወርቃማ ቀለም መርጨት ደግሞ ጭራሽ ያበላሸዋል። እንዲህ ያለውን አዲስ ቢያገኙ መቀየር ነው፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጥርት ያለና ከጀርባው የተሣለ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት አንዴ አስቡ።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። አሮጌውን ቀለም ማንሳት የፈጀብኝ አራት ማታ ነው። ለብ ያለ ውኃና የሰሃን ሳሙና፣ ከዚያ ስቲኪኒ። የስቲኪኒውን ጫፍ በጥርሴ ለስለስ አድርጌ የላላውን ቀለም ገፋ ገፋ አደርገዋለሁ፤ የሚነሳው ይነሳል፣ እምቢ ያለውን ደግሞ ነገ እመለስበታለሁ። ቲነር አልነካሁም። መካኒኮች ሁሉ «በቲነር ጥረጊው፣ በአንድ ደቂቃ ያልቃል» አሉኝ፤ ያልቃል፣ አዎ፣ ከነፕላስቲኩ። አክሪሊክ ሲፈጠር ጀምሮ ውስጡ ውጥረት ይዞ ይኖራል። ቲነር ወይም ቤንዚን ሲነካው ያ ውጥረት ይፈታና እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ከውስጡ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ምንም አይመልሰውም።

የተሰበረው ጠርዝ ቀረ። እሱ ነው ያስቸገረኝ። ሱፐር ግሉ ዙሪያውን ነጭ ጉም ያለብሰዋል፤ ሌላው ሙጫ ቢጫ ይሆናል። መፍትሔውን ያገኘሁት እማዬን ጥርስ ልታስተካክል ስወስዳት ነው። የሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩት ሽማግሌ መስኮታቸው ላይ አንድ ጥርት ያለ የአፍ ላንቃ ቅርጽ አስቀምጠዋል፤ ለልጆች ጥርስ ማስተካከያ የሚሆን። ብርሃን ሲያልፍበት አየሁት። ያ ብርሃን የማውቀው ነበር።

ክቧን ከቦርሳዬ አውጥቼ «ጋሼ፣ ይሄ ከምን የተሠራ ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አገላበጧት፣ በጥፍራቸው አንኳኳት። «የኛው ዕቃ ነው እንጂ» አሉ። «ድዱን የምንሠራበት።»

እውነታቸውን ነው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሰው ሠራሽ ጥርስ መደብ የሚሠራው ከዚያው ከአክሪሊክ ነው። ሮዝ ቀለም ሲገባበት ድድ ይሆናል፤ ሳይገባበት የመኪና አርማ፣ የመብራት ሽፋን፣ የአውሮፕላን መስኮት ይሆናል። ዱቄትና ፈሳሽ ነው፤ ሲገናኙ ሊጥ ይሆናሉ፣ ሊጡ ይጠነክራል። የተሰበረ ጥርስ መደብ በየቀኑ ይመጣላቸዋል። ለእሳቸው የአባዬ ግንብ አንድ ተጨማሪ የተሰበረ መደብ ነው።

መጀመሪያ ቅጂ እናውጣለት አሉኝ፤ ዋናው ቢበላሽ መተኪያ እንዲኖር። የአፍ ልክ በሚወሰድበት ዱቄት፣ ከባሕር አረም በሚሠራው፣ የክቧን ጀርባ ልክ ወሰዱ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሲቆይ ስለሚኮማተር ግን ወዲያው ጀሶ ማፍሰስ ግድ ነው። የጀሶው ግንብ ሲወጣ ቆሜ ቀረሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በፕላስቲክ ውስጥ አሻግሬ ያየሁትን ግንብ መጀመሪያ ጊዜ በነጭ ድንጋይ አየሁት። ማማው ላይ ያሉት መስኮቶች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። አውሬው ጅራቱ ወፍራም ነው።

ቅጂው ግን አልሆነም። ሊጡ ቀስ ብሎ፣ ለሰዓታት፣ ከመፍያ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ መብሰል አለበት፤ ፈሳሹ ራሱ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ውኃው ቶሎ ከተንፈቀፈቀ እሱም ውስጥ ውስጡን ይፈላል። ያን ዕለት መብራት ሊጠፋ ነው ተብሎ ቸኮልን። ስንከፍተው ግንቡ ውስጥ አረፋ ሞልቷል፤ ሰማዩ ዝናብ እንዳዘለ። ሽማግሌው አዘኑ፣ እኔም አዘንኩ። የእህቴ ልጅ ግን ወደደችው፤ አሁን የሷ ነው፣ «ግንቡ ላይ እየዘነበ ነው» ትላለች።

በዋናው ላይ አልቸኮልንም። የተሰበረውን ጠርዝ ሁለቱንም ወገን በብርጭቆ ወረቀት አጋድመው ሳሉት፣ በፈሳሹ አረጠቡት፣ ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ዱቄትና ፈሳሹን ጠብታ በጠብታ እየደራረቡ ክፍተቱን ሞሉት። እሳት የማይፈልገው ዓይነት ነው ይሄኛው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከተቱት። ስናወጣው አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተዋሕዷል፤ መብራት ላይ ይዘው ካላጋደሏት በቀር መገጣጠሚያውን አታዩትም። የፊቱን ወገን አንድም ጊዜ አልነኩም። ሲጨርሱ ግን መወልወያውን ማሽን አስነስተው «አሁን ፊቷን በሁለት ደቂቃ መስታወት አደርግልሻለሁ» አሉኝ።

«ይቅር ጋሼ።»

«ይሄን ጎድጓዳ ላስተካክለው እንጂ። ጭረት ነው።»

«ጭረት አይደለም።» የማን እንደሆነ ነገርኳቸው።

ማሽኑን አጠፉት። የራሳቸውን አውራ ጣት ጎድጓዳዋ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ሽማግሌዎች አዲስ ጥርስ ስሠራላቸው ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ የኔ ልጅ? በሳምንቱ ይዘውት ይመለሳሉ። ያማረውን ይዘው ይመለሳሉ። ያን አሮጌውን ስጠኝ፣ ይሄ የሰው አፍ ነው ይላሉ። ስለዚህ አሁን አሮጌውን ልኩን ወስጄ፣ የተበላውንም እንደተበላ ነው የምሠራላቸው።» ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ ለቅጂው ሊጥ ብቻ ተቀበሉኝ።

ሥዕሉን ራሴ ልሥል ስለነበር ግንቡ የማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ፤ ቀለሙ እንዳይዛነፍ። ግንቡ ቮልፍስቡርግ ነው፣ የተኩላ ምሽግ እንደማለት፤ ሰሜን ጀርመን ውስጥ አለር ከተባለ ወንዝ ዳር የቆመ፣ ስሙ በፈረንጅ 1302 በጽሑፍ የተጠቀሰ። የመኪናው ፋብሪካ ያለበት ከተማ በ1938 ሲቆረቆር የናዚዎቹን መጠሪያ ነበር የያዘው፤ ጦርነቱ እንዳበቃ በግንቦት 1945 ያንን ጥሎ የግንቡን ስም ወሰደ። የግንቡ አርማ የፊት ኮፈኖ ላይም ከ1951 እስከ 1962 ድረስ ይለጠፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መሪው መሀል ብቻ ቀረ። አውሬው ተኩላ ነው። ውኃውም ወንዝ እንጂ ሐይቅ አይደለም።

ይህን ሁሉ ማታ ለአባዬ አነበብኩለት። ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። በጥሞና ሰማኝና «በስንት አልሽ?» አለ።

«በ1302።»

«ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆረው በ1636 ነው» አለ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ሁሉ። «ከኛ ይቀድማል። ግንብስ ግንብ ነው፣ አልዋሸሁሽም።» ቆይቶ ደግሞ፣ «ያ ቀይ ቀበሮ ግን ፈረንጆቹ ራሳቸው ከተኩላ ወገን ነው ይሉ የለ?» አለኝ። ይላሉ። የሰሜንና የባሌ ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ስሙ ነው እንጂ ቀበሮ አይደለም፤ ሳይንሱ የሚመድበው ከተኩላ ዘመዶች ጋር ነው። አባዬ ይህን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ አልጠየቅኩትም።

አሣሣሉ እጅን ያደናግራል። ሸራ ላይ ሲሣል መጀመሪያ ጀርባው ይቀባል፣ ከዚያ ሰውየው፣ በመጨረሻ ዓይኑ። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ የምትቀቢው ከፊት የሚታየውን ነው፣ የተሳሳትሽውን በላዩ ላይ ቀብተሽ መሸፈን አይቻልም። የተኩላውን ዓይን በመጀመሪያው ማታ፣ በመጀመሪያው ጠብታ ጨረስኩት። ቀለሙ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዛሁት፣ ውኃ የሚያቀጥነው ዓይነት ነው፤ የዘይት ቀለም ማቅጠኛው ፕላስቲኩን ስለሚጎዳ ተውኩት። ወርቃማውን በስቲኪኒ ጫፍ እያነሳሁ ጎድጓዳዎቹን ሞላሁ። ግንቡን፣ ማማዎቹን፣ አውሬውን፣ ሦስቱን የሞገድ መስመር። ሲደርቅ ከጎድጓዳው ውጪ የፈሰሰውን በእርጥብ ጥጥ ጠረግኩ። ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ከዚያ ሁሉንም በጥቁር ሸፈንኩት።

ጥቁሩን ስትቀቡ የሚሰማችሁን ስሜት መናገር ይከብዳል። ከጀርባ ስታዩት ሥራችሁ ሁሉ ጠፋ። የሁለት ሳምንት ማታ በጥቁር ቀለም ተቀበረ። ከዚያ ትገለብጧታላችሁ።

መስኮት አጠገብ ነበርኩ፣ ጠዋት ነው። ግንቡ ከፕላስቲኩ ሆድ ውስጥ ወርቅ ሆኖ ወጣ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ እኔ ስወለድ እንኳ ደብዝዞ ነበር። አባዬም ቢሆን፣ ሲገዛት ከወንጂ ፀሐይ ተርፎ ያገኘው ይሁን አይሁን እንጃ። እና አሁን ሊያየው አይችልም። ይህ ልቤን ነካኝ፤ አልደብቅም። ከፊት ግን፣ ከቀኙ ማማ በላይ፣ ጎድጓዳዋ አለች፤ ብርሃኑ እሷ ላይ ሲደርስ ይለዝባል፣ ግንቡ ላይ ጭጋግ ያለ ይመስላል። ሰው ሲያያት «እዚህ ጋ አልጨረስሽም» ይለኛል። ጨርሻለሁ እለዋለሁ።

ቅዳሜ ማታ ገጠምኳት። ከጀርባዋ የብር ወረቀት ቆርጬ አደረግኩ፣ ሙቀቱን ትንሽ እንዲመልስላት፤ ከመሪው ጋር ያያዝኳት ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ማውጣት ሲፈልግ እንዳይታገል በጠንካራ ሙጫ ሳይሆን በስስ ሁለት ፊት ፕላስተር ነው። የቆምንበትንም ቦታ ቀየርኩ። ቮልሷ አሁን ኒሙ ጥላ ሥር ናት፣ አፍንጫዋን ወደ ምሥራቅ አዙራ፤ የከሰዓቷ ፀሐይ መሪውን አታገኘውም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባዬ ነጠላውን እንደለበሰ ገባ። በሩን ዘጋ። በስመ አብ አለ። ጣቱን ሲያሳርፍ ፊቱን እያየሁት ነበር። ጣቱ ሄዳ ጎድጓዳዋ ውስጥ ገባች፣ እዚያም ቀረች። ምንም አላለም። ከውጪ የባጃጅ ድምፅ አለፈ፣ ኒሙ ላይ ወፎች አሉ። በጣም ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ግንቡ አለ?» አለኝ።

«አለ አባዬ።»

«ውኃውስ?»

«አለ። ጣናም አለ።»

«ውሻውስ?»

«ውሻ አይደለም» አልኩት። «የሰሜን ተራራ ቀይ ቀበሮ ነው።»

ሳቀ። ሌላኛው እጁ ወደ ክላክሱ ሄዳ ሁለት ጊዜ ረዘም አድርጎ ነፋው፣ ድሮ ከሥራ ሲመለስ በር እንድንከፍትለት እንደሚነፋው። እማዬ ከጓዳ፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ ብቅ ብላ፣ «ማነው? በሩን ክፈቱ እንጂ!» አለች።